ትምህርት 14፦ ተራኪው ማን ነው? የኤሊዛቤት ሌርድ ሕይወትና ሥራ

ባለፈው ትምህርት ግሥ በመደብ፣ በቍጥርና በጾታ እንዴት እንደሚረባ ተመልክታችኋል። «ሄድኩ» ሲባል ባለ ድርጊቱ ተናጋሪው ራሱ ነው፤ «ሄድሽ» ሲባል ሰሚዪቱ ናት፤ «ሄደ» ሲባል ግን ከተናጋሪውም ከሰሚውም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ወገን ነው። ይህ ዕውቀት ለፈተና ብቻ የሚፈለግ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ደራሲ ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቈርጠው ነገር ይኸው የመደብ ጉዳይ ነው። ታሪኩን «እኔ» ብሎ ቢጀምረው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይሆናል፤ «እሱ» ብሎ ቢጀምረው ሌላ ዓይነት ይሆናል። በተለይም የሚጽፈው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ አገርና ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲሆን፣ ምርጫው ከሰዋስው ያለፈ ኃላፊነት ያመጣበታል።

ለዚህ ምሳሌ እንዲሆናችሁ ስለ አንዲት የልጆች ደራሲ ሕይወትና ሥራ የቀረበውን የሚከተለውን ንባብ በጥሞና አንብቡ። በንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ንባብ

ኤሊዛቤት ሌርድ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች በ1943 በኒውዚላንድ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ብሪታንያ ስለ ተመለሰ ያደጉትና የተማሩት እዚያው ነው። በ18 ዓመታቸው በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆነው ለማገልገል ወደ ማሌዥያ ሄዱ። በዚያም መርዘኛ እባብ ነድፏቸው ለጥቂት ከሞት ተረፉ። ከዚያ በኋላ ዓለምን መዞር ይበቃኛል ያላሉ መሆናቸው የሚያስገርም ነው። ተመልሰው በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ ቋንቋ አጠኑና በ1967 ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

በአዲስ አበባ እያስተማሩ የቈዩት ሁለት ዓመት ያህል ነው። በእረፍት ጊዜያቸውም ወደ ገጠር እየወጡ አገሩን ይጐበኙ ነበር። ሁለት ዓመት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ አይደለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያ ደጋግማ የምትመለሰው በእነዚያ ሁለት ዓመታት በተተከለው ነገር ምክንያት ነው። ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ተምረው፣ ደራሲና የታሪክ ጸሐፊ ከሆኑት ከዴቪድ ማክዶዋል ጋር ትዳር መሥርተው፣ በኢራቅና በሊባኖስ ኖሩ። በባግዳድ ሳሉ በአገሪቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። በቤይሩት ሳሉ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነትን በዓይናቸው አዩ።

ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው በ1988 የታተመው ሲሆን፣ አርእስቱ በአማርኛ «የማለዳ ቀይ ሰማይ» እንደ ማለት ነው። አና የምትባል የ12 ዓመት ልጅ አካለ ስንኩል ሆኖ ስለ ተወለደው ታናሽ ወንድሟ ትተርካለች። ደራሲዋ ይህን ከምናባቸው ብቻ አላመጡትም። የእሳቸውም ታናሽ ወንድም እንዲሁ ሆኖ ተወልዶ በልጅነቱ ሞቷል። በ1991 ደግሞ «አፈሩን ሳሚ» ሊባል የሚችለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ታራ የምትባል የኩርድ ልጅ ከኢራቅ ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳ ወደ ብሪታንያ የምታደርገውን ጉዞ የሚያሳይ ነው። በማግሥቱ ዓመት ድምፅ ሰጪዎቹ ልጆች ራሳቸው የሆኑበትን የብሪታንያ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ሽልማት የሚሰጡ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ አንባቢዎቹ ራሳቸው ዳኛ የሚሆኑበት ሽልማት ግን ጥቂት ነው።

ከ1996 ጀምሮ ደራሲዋ ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ መመላለስ ጀመሩ። ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በመሆን የኢትዮጵያን ተረቶች ከየክልሉ ለመሰብሰብ ነበር። አሳቡ ቀላል ነው፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚያነቡት ስለማያውቁት አገር ከሚሆን፣ የገዛ አያቶቻቸው ተረት በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፎ ቢቀርብላቸው ይሻላል የሚል ነው። ለዚህም ሲባል ደራሲዋ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት እየተዘዋወሩ ከተረት ነጋሪዎች ፊት ተቀመጡ። ነጋሪው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ይተረጕማል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። እስከ 2001 ድረስ በቈየው በዚህ ሥራ በመቶ የሚቈጠሩ ተረቶች ተሰበሰቡ። ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ትንንሽ የማንበቢያ መጻሕፍት ከዚያ ወጡ። ከተረቶቹም የተወሰኑት በ2000 በአንድ መድበል ታተሙ። የጉዞውን ታሪክ ደግሞ በ2013 ባወጡት መጽሐፍ ጻፉት፤ ስሙንም ያገኘው ሰውን እየጠራች ወደ ቀፎ ከምታደርሰው ከማር መሪ ወፍ ነው።

በዚሁ ምልልስ መካከል በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚኖሩ ልጆች ጋር ተዋወቁ። ከዚህም «የቆሻሻው ንጉሥ» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ በ2003 ወጣ። መጽሐፉ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው። ማሞ እናቱ ሞታበት ከእኅቱ ከትግሥት ጋር በድህነት የሚኖር ልጅ ሲሆን፣ «አጎትህ ነኝ» የሚል አንድ ሰው አታልሎ ወደ ገጠር ወስዶ ለአንድ ገበሬ ይሸጠዋል። በእረኝነትም ብዙ መከራ ያያል። ዳኒ ደግሞ የሀብታም ልጅ ነው። በትምህርቱ ደካማ በመሆኑ አባቱ ስለሚቈጣውና ከቤት ርቆ እንዲኖር ስለሚያስብ ይጠፋል። ከእረኝነት ያመለጠው ማሞና ከቪላ የጠፋው ዳኒ ተገናኝተው ከጎዳና ልጆች ቡድን ጋር ይቀላቀላሉ። በዚያም ሳሉ በክፍል ውስጥ ሰነፍ የተባለው ዳኒ ተረት መጻፍ ይጀምራል፤ ጓደኞቹም የጻፈውን ለመንገደኛ እየሸጡ ይበላሉ። መጽሐፉ ለካርኔጊ ሜዳልያ የመጨረሻ ምርጫ ከቀረቡት መካከል የነበረ ሲሆን፣ በ2004 የስኮትላንድ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት የዓመቱ የልጆች መጽሐፍ ተብሎ ተሸልሟል።

በ2012 በወጣው ልብ ወለዳቸው በ1868 ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ስለ ተወሰደውና በዚያው በ18 ዓመቱ ስለ ሞተው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ጽፈዋል። በ2014 የታተመው «በዓለም ላይ ፈጣኑ ልጅ» ደግሞ የ11 ዓመቱን የሰሎሞንን ታሪክ ይዟል። ሰሎሞን ከአያቱ ጋር በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አያቱ በከተማው ሲታመሙ ግን ለቤተሰቡ ለመንገር ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ መመለስ ይኖርበታል። ይህም መጽሐፍ ለካርኔጊ ሜዳልያ የመጨረሻ ምርጫ ቀርቦ ነበር።

ለ. ስለ ንባቡ ጥቂት ማሳሰቢያ

ይህን ስታነቡ በአሳባችሁ አንድ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም። ስለ ማሞና ስለ ሰሎሞን የጻፉት ብሪታንያዊት ናቸው፤ የጻፉትም በእንግሊዝኛ ለሌላ አገር ልጆች ነው። ይህ ይገባልን? አንዳንዱ «የእኛን ችግር ለባዕድ ማሳየት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማንም ያልጻፈለትን ልጅ ስለ ጻፉለት ይመስገኑ» ይላል። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ልጁ በመጽሐፉ ውስጥ የራሱ አሳብ፣ የራሱ ቀልድና የራሱ ብልኀት ያለው ሰው ሆኖ ከቀረበ ደራሲው ከየትም ይምጣ ሥራውን ሠርቷል። አንባቢውን ለማስለቀስ ብቻ የቀረበ ምስኪን ከሆነ ግን ደራሲው የአገሩ ልጅ ቢሆንም ልጁን በድሎታል። የዳኒ ተረት መጻፍና በጓደኞቹ መሸጡ በዚህ ረገድ መታየት ያለበት ነው። ዳኒ የሚተረክለት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ራሱም ተራኪ ሆኗል።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ቋንቋ ነው። በዚህ ላይ አዘጋጁ እንዲህ በቀላሉ የሚያልፈው አይደለም። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ ወይም በሚኤሶ የምትማር አንዲት ልጅ ተረት የሰማችው ምናልባት ከአያቷ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጎረቤቷ ደግሞ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ሰምቶ ይሆናል። ያ ተረት በእንግሊዝኛ ታትሞ በሩቅ አገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በአያቲቱ ቋንቋ ግን በወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ ተረፈ ማለት አንችልም። ደራሲዋ የተመላለሱት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ያገኟቸውም ነጋሪዎች ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን ነጋሪዎች ቤት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሐ. ሰዋስው፦ አንደኛ መደብ ተራኪና ሦስተኛ መደብ ተራኪ

«የማለዳ ቀይ ሰማይ»ን የምትተርከው አና ራሷ ናት፤ «በዓለም ላይ ፈጣኑ ልጅ»ንም የሚተርከው ሰሎሞን ራሱ ነው። «የቆሻሻው ንጉሥ» ግን በሦስተኛ መደብ ተጽፏል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ማሞ በገጠር ከብት ሲጠብቅ ዳኒ በአዲስ አበባ በአባቱ ቤት ነው። አንዱ «እኔ» ብሎ ቢተርክ የሌላውን ሊያውቅ አይችልም። ደራሲዋ ሁለቱንም እኩል ማሳየት ስለ ፈለጉ ከሁለቱም ውጭ የቆመ ተራኪ አስፈለጋቸው።

ልዩነቱ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ በሚከተሉት ሁለት አንቀጾች ተመልከቱ። ሁለቱም ለዚህ ትምህርት የተዘጋጁ ናቸው።

አንደኛ፦ «ልጁ በማለዳ ተነሥቶ ሁለት ፍየሎቹን እየነዳ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የደጋውን ብርድ አልለመደውም። ጫማው ስለ ተበጠሰ ከገበያው ዳር በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀመጠ። ባለ ሻይ ቤቷ ልጁ እንደ ራበው ገና ስታየው ዐወቀች። እንዳታሳፍረው ግን ‹ፍየሎችህን ልጠብቅልህ፤ አንተ ደግሞ ይህን ጀሪካን ውሃ ቅዳልኝ› አለችው።»

ሁለተኛ፦ «በማለዳ ተነሥቼ ሁለት ፍየሎቼን እየነዳሁ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የደጋውን ብርድ አልለመድኩትም። ጫማዬ ስለ ተበጠሰ ከገበያው ዳር በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀመጥኩ። ባለ ሻይ ቤቷ ትክ ብላ አየችኝና ‹ፍየሎችህን ልጠብቅልህ፤ አንተ ደግሞ ይህን ጀሪካን ውሃ ቅዳልኝ› አለችኝ። ቀድቼ ስመለስ ሻይና ትኩስ ዳቦ ቀርቦ አገኘሁ። የድካሜ ዋጋ መሰለኝ።»

በመጀመሪያ የቃላቱን ለውጥ ልብ በሉ። «ተነሥቶ» «ተነሥቼ» ሆኗል፤ «እየነዳ» «እየነዳሁ»፣ «ፍየሎቹን» «ፍየሎቼን»፣ «ሲደርስ» «ስደርስ»፣ «አለችው» «አለችኝ» ሆነዋል። በአማርኛ መደብ በግሡ መድረሻ ብቻ ሳይሆን በመነሻውም፣ በስሙ ባለቤትነት አመልካችም፣ በተሳቢው አመልካችም ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ፣ መደብ የሚለውጥ ጸሐፊ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢረሳ አንቀጹ ይዘበራረቃል። ተማሪዎች በድርሰት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። «እኔ» ብለው ጀምረው በሦስተኛው መሥመር ላይ «ሲደርስ» የሚል ሾልኮ ይገባል።

ቀጥሎ ግን ከቃላቱ የበለጠውን ለውጥ ፈልጉ። «እንደ ራበው ዐወቀች» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው አንቀጽ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ልጁ በሴትዮዋ ልብ ውስጥ ያለውን ከወዴት ያውቃል? ያየው ትክ ብላ ማየቷን ብቻ ነው። ዳቦውን የድካሙ ዋጋ አድርጎ ቈጠረው፤ አንባቢው ግን ችሮታ መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ በአንደኛው አንቀጽ ተራኪው ሁሉን ያውቃል፤ በሁለተኛው አንባቢው ከተራኪው ይልቅ ያውቃል። አንደኛ መደብን የመረጠ ጸሐፊ ስለ ሌላው ሰው አሳብ ሲናገር «መሰለኝ»፣ «ሳታውቅብኝ አልቀረችም»፣ «ፊቷ ተለዋወጠ» በመሳሰሉት መወሰን ግዴታው ነው።

ስለ አክብሮት መደብም አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝኛ ለአባትም፣ ለጓደኛም፣ ለሌባም አንዱ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም ይበቃል። ስለዚህ ደራሲዋ ማሞ ያን አታላይ «አጎት» ሲያነጋግር ምን ብሎ እንደሚጠራው መወሰን አላስፈለጋቸውም። ይህን ወደ አማርኛ የሚተረጕም ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መወሰን አለበት። ማሞ «እርስዎ» ቢለው ልጁ አምኖታል ማለት ነው፤ «አንተ» ቢለው ተጠራጥሯል ወይም ቀርቦታል ማለት ነው። ውሳኔው እንደ አገሩም ይለያያል። በሐረርጌ ከተሞች «አንተ» ለታላቅ ሰው እንኳ ሲነገር ከሌላው አገር ይልቅ እንደ ቅርበት ይታያልና፣ የጭሮ ልጅ የሚጽፈው ንግግር የጎንደር ልጅ ከሚጽፈው ቢለይ ስሕተት አይደለም።

ተረት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» ከተመለሰ በኋላ ነጋሪው «አንድ ገበሬ ነበር አሉ» ይላል። ይህች «አሉ» የምትባል ቃል ቀላል አይደለችም። «እኔ አላየሁም፤ ከእኔ በፊት የነበሩት የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ» ማለት ናት። የልብ ወለድ ተራኪ እንዲህ አይልም፤ ያላየውን እንዳየ ሆኖ ይናገራል። ተረትን ወደ ልብ ወለድ ስትለውጡ መጀመሪያ የምትወድቀው «አሉ» ናት። የሰማችሁትን ተረት እንደ ተነገረ ለማስቀመጥ ስትጽፉ ግን አታስወግዷት።

አብዛኛውን ጊዜ ተራኪ የማይኖርበትም የጽሑፍ ዓይነት አለ፤ እሱም ተውኔት ነው። የዚህ አገር ዘመናዊ ተውኔት መጀመሪያ የሚባለው «ፋቡላ» በ1910ሮቹ ዓመተ ምሕረት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጻፈ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ አራዊት ናቸው። እያንዳንዱ እንስሳ «እኔ» እያለ ይናገራል እንጂ ስለ እነሱ የሚናገር ተራኪ የለም። ታዳሚው ግን አውሬዎቹ እነማንን እንደሚመስሉ ለመረዳት አልተቸገረም፤ መኳንንቱም አልተቸገሩም። ተውኔቱ የታገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የጨርጨር አገረ ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ ማለትም የዛሬዪቱን ጭሮን፣ ካደራጁት ሰዎች አንዱ በመሆናቸው በዚህ አካባቢ የምትማሩ ስማቸውን ከሌላው ይልቅ ልታውቁት ይገባል።

መ. መልመጃ

1. በንባቡ ውስጥ «እሳቸው» የሚለው የአክብሮት መደብ ለደራሲዋ ተሰጥቷል፤ ለማሞ፣ ለዳኒና ለሰሎሞን ግን አልተሰጠም። ሦስተኛውን የንባብ አንቀጽ ደራሲዋን «እሷ» እያላችሁ እንደገና ጻፉት፤ የተለወጡትንም ግሦች አስምሩባቸው።

2. ከላይ የቀረበውን የሻይ ቤቱን ታሪክ በሴትዮዋ አንደኛ መደብ ጻፉት። ስትጽፉ ልጁ ያሰበውን እሷ ልታውቅ እንደማትችል አትርሱ። የፍየሎቹን ነገር ግን እሷ ልታየው ትችላለች፤ ምናልባት ልጁ ያላስተዋለውን አይታ ይሆናል።

3. ማሞ አጎቱ መስሎ የቀረበውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው የሚነጋገሩትን ስድስት ወይም ሰባት መሥመር በራሳችሁ ምናብ ጻፉ። በመካከሉ በሆነ ቦታ ላይ ማሞ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ይለፍ። ምን ሰምቶ ወይም ምን አይቶ እንዳለፈ በንግግሩ ውስጥ ይታይ እንጂ በተራኪ አይነገር።

4. በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሚገኙ አረጋውያን አንዱን ተረት አስነግሩ። በተነገረበት ቋንቋ፣ ነጋሪው እንደ ተናገረው፣ ሳታሳምሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት፤ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በቁቤ፣ በሶማሊኛም ከሆነ በራሱ ፊደል ይጻፍ። በሚቀጥለው ገጽ ወደ አማርኛ መልሱት። ለመተርጐም ያስቸገራችሁን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ እንዳለ አስቀምጡትና ከሥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራሩት። ነጋሪው «አሉ» የሚለውን ወይም ይህን የሚመስለውን ቃል በቋንቋው ስንት ጊዜ እንደ ተናገረ ቍጠሩ። የነጋሪውን ስም በድርሰቱ ራስጌ ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱም ለነጋሪው ለራሱ አንብቡለትና ያረማችሁን አርሙ።